አራተኛው ዜሮ የማን ነው?

አሶሳ ውስጥ ኤጀታን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይመሰክርለታል። አንደኛው፣ ሰላምታው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የሰውየውን ጤና፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የላሚቱን ወተት፣ ባለፈው ወር ያመመውን ጥርስ ሳይቀር ጠይቆ ሲያበቃ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ሁለተኛው፣ ይኸው ሰው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ከአንድ መስመር በላይ አይጽፍም። ያችም መስመር ብትሆን ከአውራ ጣት አትረዝምም።

«አፉ ያባከነውን ጣቱ ይቆጥባል» ይላል ሙርሳል። ሙርሳል የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ እዚያው አሶሳ ተወልዶ ያደገ፣ ከኤጀታ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት አንድ በር ከፍቶ አንድ በር የዘጋ ወዳጁ ስለሆነ የፈለገውን ቢል ፈቃድ አለው።

ሁለቱ የሚሠሩት የዘር አምራች ገበሬዎች ባቋቋሙት አንድ ማኅበር ውስጥ ነው። ግቢው ሦስት ክፍል፣ አንድ መጋዘንና አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለው። ማንጎው በበሰለ ወራት ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ዱብ ሲል አዲስ ሰው ይደነግጣል፤ የለመደ ሰው ደግሞ ቆጠራ ይይዛል። ኤጀታ ከባምባሲ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ሲመጣ የተቀጠረው ሚዛን ላይ ነበር። ዛሬ የጥራት ክፍል ኃላፊ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሠራተኛ ስለሌለ ኃላፊነቱ ከባድ አይደለም እያሉ ያሾፉበታል።

ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። ገበሬው ለዘር የሚሆን አኩሪ አተር ሲያመጣ፣ ኤጀታ ከጆንያው አራት መቶ ፍሬ ይመዝዛል። መቶ መቶውን በአራት ትሪ እርጥብ አሸዋ ላይ ይዘራና ስምንት ቀን ይጠብቃል። ከዚያ የበቀለውን ይቆጥራል። የአራቱ ትሪ አማካይ ከመቶ ሰማንያና ከዚያ በላይ ከሆነ ዘሩ አለፈ፤ ለሌሎች ገበሬዎች ይከፋፈላል። ከሰማንያ ካነሰ ለዘይት ይጨመቃል። ለዘር ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሲለቅም፣ ሲያበጥር፣ ከነቀዝ ሲጠብቅ ለከረመ ገበሬ ይህ ቀላል ፍርድ አይደለም።

ኮምፒውተሩን የተወለት፣ ኮሌጅ ሲያስተምር ቆይቶ ወደ ሀገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ ሀገር መምህር ነው። ውስጡ «ጄ» የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነበረ፤ ከጎኑ ደግሞ ፎቶ ኮፒ የሆነ የእንግሊዝኛ መማሪያ። ኤጀታ መዝገበ ቃላት ይዞ መማሪያው ላይ ተደፋ። ገጽ አርባ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ገጽ አርባ ሲደርስ ተንበርክኮ አምላኩን አመሰገነ። ገጽ አርባ አንድን ሲያይ ደግሞ ተመልሶ ተንበረከከ፤ ያኛው ግን ምስጋና አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አልተወውም። መምህር የሌለው ሰው ትዕግሥት ከተሰጠው መምህር እንደተሰጠው ይቆጠራል። ለኤጀታ ትዕግሥቱ በሰፊው ተሰጥቶታል።

በዚህ ቋንቋ ፍቅር የጣለው ነገር ስም አለመጥራቱ ነው። ሌሎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ናቸው፤ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ስም ይጠይቃሉ። ይሄ ቁጥር ማን ይባላል? ያኛውስ? ጄ ግን ከነስሙም ያለስሙም ያስተናግዳል። ኤጀታ ያለስሙን መረጠ። አማካይ ለማውጣት የሚጽፈው ሦስት ምልክት ብቻ ነው፦

+/ % #

ግራ ዳር ያለው «ደምር» ይላል። ቀኝ ዳር ያለው «ስንት እንደሆኑ ቁጠር» ይላል። የመጣው የቁጥር ሰልፍ ለሁለቱም ይደርሳቸዋል፤ እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ሠርተው ለመሃለኛው ያቀብላሉ። መሃለኛው አካፋይ ነው፤ ድምሩን ለብዛቱ አካፍሎ መልሱን ያወጣል። ምን እንደተደመረ፣ ማን እንደተቆጠረ ግን መስመሩ ላይ የትም አልተጻፈም። ሲመጣ ይታወቃል። ኤጀታ ከዚህ ፊት «ሰማንያ ከዚህ አይበልጥም ወይ?» የሚል ጥያቄ ቀጠለበት። እንግዲህ ዘሩ ካለፈ አንድ፣ ከወደቀ ዜሮ ይወጣል። ሌላ ወሬ የለም።

ይህን ነገር ያልሰማ የአሶሳ ሰው የለም። ለባጃጅ ሹፌሮች አስረድቷል፤ እነሱ መድረሻቸው ሳያመልጣቸው አልቀረም። ለቤተ ክርስቲያኑ ፓስተርም አስረድቷል። ፓስተሩ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ወንድም ኤጀታ፣ ይሄ መልካም ነው። ጸሎትህንም በዚህ ቋንቋ ብታደርግልን ጉባኤው ይባረካል» አሉት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ባለቤቱ ቀነኒ አለች። ቀነኒ የባሏን አባት ስም አፏ ላይ አድርጋ አታውቅም። አማት በስም አይጠራም፤ እናቷም እንዲሁ አልጠሩም። አማቷ ኦቦ ጅረኛ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ባሏንም «አባ ኢልሊ» እያለች በልጃቸው ትጠራዋለች። ጤና ጣቢያ «የባል ሙሉ ስም?» ሲሏት፣ ሙሉ ስሙ የአባቱን ስም ይጨምራልና ከቦርሳዋ መታወቂያውን አውጥታ መዝጋቢዋ ፊት ታስቀምጣለች።

ኤጀታ ይህን ከጄ ጋር ያገናኘ ዕለት ወደ ቤቱ በሩጫ ነው የገባው።

«አንቺ ሴት! ገጽ አርባ ላይ ያለውን ነገር አንቺ ሳታነቢው ነው ስትሠሪበት የኖርሽው!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስም አትጠሪም። ግን ሥራው ይሠራል። እኔም ስም አልጠራም፤ ሥራው ይሠራል።»

ቀነኒ ሳህኖቹን እያሰናዳች ነበር። ኦቦ ጅረኛ ደም ግፊት ስላለባቸው የእሳቸው ወጥ ጨው የለውም።

«እኔ ስም አልጠራም እንጂ ሳህን አልስትም» አለችው። «ይኸውልህ፣ ጨው የሌለው ይሄ ነው። የማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ያንተው ማሽን የማን ሳህን የማን እንደሆነ ያውቃል?»

«ያውቃል እንጂ!»

«እንግዲያው ተመስገን» አለችና ጨው አልባውን ሳህን ይዛ ወጣች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ነገሩ የመጣው በያዝነው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው።

እስካለፈው ዓመት ድረስ ኤጀታ የአንዱን ገበሬ አራት ቁጥር ያስገባል፣ አንድ መልስ ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዘንድሮ ግን ይህ የጀማሪ አሠራር ሆኖ ታየው። ጄ ሠንጠረዥ ሙሉ ቁጥር በአንድ ጉርሻ እንደሚውጥ ያውቃላ! በመጨረሻው ዙር ዘር ያቀረቡት ገበሬዎች አራት ነበሩ። የእያንዳንዱ አራት ትሪ ሲደመር አሥራ ስድስት ቁጥር ይሆናል። ሙርሳል ከደብተሩ እያነበበ፣ ኤጀታ እየመታ፣ አሥራ ስድስቱን በአራት ረድፍ አስገቡ። ለአድልዎ እንዳይመች ገበሬዎቹ በቁጥር እንጂ በስም አይጻፉም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ኤጀታ መስመሩን ጽፎ ተጫነው። መልሱ ዐይን ሳይርገበገብ መጣ፦

1 0 1 0

«አየህ?» አለ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ። «አራት ገበሬ፣ አራት መልስ። አንደኛና ሦስተኛ አለፉ፤ ሁለተኛና አራተኛ ወደቁ።»

«የቁጥሩንስ ልክ አያሳይም?» አለ ሙርሳል።

«ለምን ያሳያል? የተጠየቀው አለፈ ወይ ነው፤ መለሰ።»

ረቡዕ ዕለት ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ያለፈውን ዘር ወደ ቶንጎ የሚወስደው መኪና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። አራተኛዋ ገበሬ ብኸይታ ነበረች።

ብኸይታ ስድሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ከአሶሳ ወጣ ብላ በቀርከሃ አጥር በታጠረ ግቢ የምትኖር የበርታ ሴት ናት። ማኅበሩ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ነበረች። ዘሯን ፍሬ በፍሬ በእጇ ትለቅማለች፤ የተሰነጠቀ፣ የቆረፈደ፣ ቀለሙ የጠቆረ አንድ ፍሬ አይገኝባትም። በአሥር ዓመት ውስጥ ዘሯ ወድቆ አያውቅም። ሐሙስ ጠዋት መውደቁን ሰማች፤ ዓርብ ጠዋት ኤጀታ በሩን ሳይከፍት ደርሳ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። በፎጣ የተሸፈነ የብረት ሳህን ታቅፋለች።

ኤጀታ እንደ ልማዱ ጀመረ። «እናቴ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ፍየሎቹስ...»

«ፍየል ደህና፣ ጉልበት ደህና፣ ሁሉ ደህና። ዘር የኔ ነው ያልደህና» አለችው። «አንተ ሞተ አልክ?»

«እኔ አላልኩም እናቴ፤ ማሽኑ ነው ያለው።»

«እሺ። ማሽን ጥራ፣ ይምጣ፣ ይይ።»

ፎጣውን ገለጠችው። ሳህኑ ላይ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ አንገቱን ቀና ያደረገ ለምለም የአኩሪ አተር ቡቃያ ጢም ብሎ ቆሟል።

«አንተ ዘር ወሰድክ ቀን፣ እኔም ቤት ዘራሁ። ሃምሳ ነው። ወላሂ ቁጠር።»

ሙርሳል ሳይጠየቅ ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። «አርባ ሰባት» አለ። «ከሃምሳ አርባ ሰባት፣ ኤጄ።»

እውነቱን ለመናገር ኤጀታ ልቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቆንጠጥ አደረገው። ግን ክብር የሚባል ነገር አለ። ክብር ደግሞ በተለይ ራሱን ያስተማረ ሰው ላይ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ብዙ ደክሞበታልና።

«እናቴ፣ የቤት ሳህን ሌላ፣ ፍተሻ ሌላ» አለ። «ፍተሻ ደንብ አለው። አራት መቶ ፍሬ ነው፣ ስምንት ቀን ነው...»

«መሬትም ደንብ አለው» አለች ብኸይታ። «የሞተ አያበቅልም።»

«ደብተሩን እንየው?» አለ ሙርሳል።

«ደብተሩን ያነበብከው አንተ፣ ያስገባሁት እኔ። ደብተርና ማሽን አንድ ነው። ወይስ ማንበብህን ትጠራጠራለህ?»

ሙርሳል እጁን አነሣ። ብኸይታ ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሳህኗን ይዛ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጠች። «መኪና እስኪሄድ እዚህ ነኝ» አለች። «ዘር የኔ ሳይሄድ መኪና ሲሄድ በዓይኔ ልይ።»

ምሳ ሰዓት ኤጀታ ቤቱ ገባና የቀረበለትን ምግብ ማየት ጀመረ። መብላቱን ረስቶታል። ቀነኒ ባሏ ዝም የሚለው ሲታመም ብቻ እንደሆነ ስለምታውቅ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች። ትኩሳት የለውም። ጠየቀችው፤ ነገራት።

«ሴትዮዋ ቡቃያውን ይዛ ከመጣች ምን ቀረ?» አለች።

«መስመሩ አይሳሳትማ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተሳሳተም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ሳህን ነበር የምታቀርብለት?»

«ማለት?»

«ድሮ የአንድ ሰው ሳህን ነው የምሰጠው ትለኝ ነበር። ዘንድሮ አራቱንም ሰው አንድ ገበታ ላይ አስቀመጥኳቸው ብለህ ነግረኸኛል፤ ያውም ሦስት ጊዜ። እኔ አንድ ሰው ብቻውን ሲበላ ሳህን የምስትበት ምክንያት የለም። እንግዳ ሲበዛ ነው ጨው ያለውና የሌለው የሚቀላቀለው።» ቀና ብላ አየችው። «ስም አትጠራም፤ እሺ። ግን ከማን ሳህን እንደሚጎርስ ነግረኸዋል?»

«ያውቃል ብዬሽ የለ!» አለና ተነሣ። ምሳውን ግን አልጨረሰም። መንገድ ላይ ሁለት የሚያውቃቸው ሰዎች ሰላም ሲሉት በአጭሩ «ደህና» ብሎ አለፈ። ሰዎቹ ቆመው በግርምት አዩት።

ግቢው ሲደርስ ሙርሳል ከጁምዓ ሶላት ተመልሷል። መኪናው በሩ ላይ ቆሟል፤ የጭነት ሠራተኞች የአንደኛውን ገበሬ ጨርሰው የሦስተኛውን ገበሬ የኦቦ ለሜሳን ጆንያዎች መጫን ጀምረዋል። ብኸይታ ማንጎው ሥር እንደተቀመጠች ናት። ኤጀታን ስታየው ተነሥታ ተከትላው ቢሮ ገባች።

«ያ ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልለምን» አለች። አሁን ቁጣ የለባትም፤ ያ ደግሞ ለኤጀታ ከቁጣው ባሰበት። «ዘር የኔ አልወሰድክም። እሺ። ቁጥር የኔ ከማሽን አውጣ። ውሸት ውስጥ ስሜ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

«ስም እኮ የለበትም እናቴ፤ ቁጥር ነው።»

«ስም የሌለው ከሆነ ማውጣት ቀላል ነው። አውጣ።»

ይህን መከልከል አልቻለም። ላፕቶፑን ከፈተ፣ ሠንጠረዡን አመጣ፣ አራተኛውን ረድፍ እሷ እያየች አጠፋው። ሦስት ገበሬ ቀረ። ከዚያ፣ ቀሪዎቹ ውጤታቸው እንዳልተነካ ሊያሳያት ይሁን ጣቱ ለምዶበት፣ ያችን መስመሩን ደግሞ ተጫናት።

0 0 0 0

ቆርቆሮው ላይ ማንጎ ዱብ አለ።

ሙርሳል በኤጀታ ትከሻ ላይ አጎንብሶ ማያውን በጣቱ ቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኤጄ፣ ስንት ገበሬ ቀረ ነው ያልከኝ?»

«ሦስት» አለ ኤጀታ በቀጭን ድምፅ።

«እና አራተኛው ዜሮ የማን ነው? የጅን ነው?»

ብኸይታ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ኤጀታ አራቱን ዜሮ ሲያይ ቆየ። አራት የሆነ ነገር ሌላ ምን አለ? ገበሬ ሦስት ነው። ትሪ ነው አራት! ጄ ሠንጠረዥ ሲሰጡት፣ ካልተነገረው በስተቀር፣ አንዱን ረድፍ በሌላው ላይ እየደመረ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። እሱ ደግሞ አልነገረውም። ማሽኑ የየገበሬውን አራት ትሪ ሳይሆን፣ የአራቱን ገበሬ አንደኛ ትሪ አንድ ላይ፣ ሁለተኛ ትሪ አንድ ላይ እያደረገ ነበር አማካይ ያወጣው። ከእያንዳንዱ ሰው ሳህን አንድ አንድ ማንኪያ እየጨለፈ! ገበሬውም አራት፣ ትሪውም አራት ስለሆነ፣ የወጡት አራት መልሶች በመልክ አላሳበቁም። ጨው ያለውና የሌለው ተቀላቅሏል።

ደብተሩን አምጣ አለው ሙርሳልን። አሁን በዐይኑ አነበበ። አራተኛ ገበሬ፦ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና አራት፣ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና አንድ። ይህን ለማሳለፍ ማሽን አያስፈልግም፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይበቃል። ሦስተኛ ገበሬ፦ አርባ፣ ሠላሳ ስምንት፣ አርባ አራት፣ አርባ ሁለት። ይህ ነው እንግዲህ አልፎ መኪና ላይ እየተጫነ ያለው።

የጠፋውን ረድፍ መለሰ። መስመሩን በቅንፍ ከበበና ጫፏ ላይ ሁለት ጭረትና አንድ ቁጥር ጨመረ፤ ትርጉሙ «ረድፍ በረድፉ፣ ለየብቻው» ማለት ነው። ተጫነ።

1 1 0 1

«አራተኛ አንድ» አለ ሙርሳል። «መብሩክ፣ ብኸይታ!»

ብኸይታ ግን ኤጀታን ነበር የምታየው። ኤጀታ ጉሮሮውን ጠረገና ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፤ እየጻፈም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «በቴክኒክ ምክንያት ስህተት በመፈጠሩ...»

«ማን ፈጠረው?» አለ ሙርሳል።

«ቴክኒኩ።»

«ዛሬ ምሳውን ሳይጨርስ የመጣው ቴክኒክ?»

ኤጀታ እስክሪብቶውን አቆመ። ይህ ነበር ከሁሉም የከበደው። ወረቀቱን እንደዚያው ቢለጥፈው የሚጠይቀው የለም፤ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ሞልተዋል፤ ስህተት ተፈጥሯል፣ መዘግየት ታይቷል፣ ሁሉም ባለቤት የላቸውም። ቀነኒ ስም የማትጠራው አክብሮት ስላላት ነው። እሱ አሁን ስም ቢደብቅ በየትኛው አክብሮት ይሆናል? ዐይኑን ጨፈነ። በሕይወቱ ካደረጋቸው ጸሎቶች ሁሉ አጭሩ ይሄ ሳይሆን አይቀርም፤ ፓስተሩ ባለመኖራቸው አመለጣቸው። ከዚያ ወረቀቱን ቀደደና አዲስ ጻፈ።

«እኔ ኤጀታ ጅረኛ የአራቱን ገበሬዎች ውጤት አሳስቼ አውጥቻለሁ። የብኸይታ ዘር አልፏል። የሁለተኛው ገበሬም አልፏል። የኦቦ ለሜሳ አላለፈም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አሁን ገባኝ» አለች ብኸይታ ሙርሳል ሲያነብላት። «ይሄ ማሽን ጥሩ ነው። ስም አለው።»

ቀጥሎ የቀረው መኪናው ነበር። ኦቦ ለሜሳ የጆንያዎቻቸውን አጫጫን እያዩ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ከኤጀታ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት፤ ያውም ሽማግሌ ናቸው። ኤጀታ ቀረብ አለና ሰላምታ ሳያቀርብ ቀጥታ ነገራቸው። ሠራተኞቹ ጆንያ በትከሻቸው እንደያዙ ቆሙ።

ኦቦ ለሜሳ ጆንያዎቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ፣ «እኔ እኮ ተአምር መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው፣ ኦቦ?»

«ያ ዘር ቆርቆሮ ሥር ሁለት ወር ሙሉ በሙቀት ሲቀቀል ነው የከረመው። ለባለቤቴ 'ይህ ከበቀለ የሣራ ማኅፀን ነው' ብያት ነበር። አለፈ ሲሉኝ ትናንት በሐሙሱ ጸሎት ጉባኤ ፊት ቆሜ መሰከርኩ። ሰው አልቅሷል፣ ኤጀታ።»

ኤጀታ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። «አሁን ምን ላድርግ፣ ኦቦ?»

«እሑድ ተነሥተህ ምስክርነቴን ታርማለህ።» ኦቦ ለሜሳ ወደ ጭነት ሠራተኞቹ ዞረው በዱላቸው ምልክት ሰጡ፤ ጆንያው መውረድ ጀመረ። «ጌታ ግን ይመስገን። ይህ ቶንጎ ደርሶ ተዘርቶ ቢሆን የሰው እርሻ ባዶ ሜዳ ሆኖ ይቀር ነበር። ተአምር መሆኑማ ተአምር ነው፤ እኔ ቦታውን ነው የሳትኩት።» ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። «እሑድ ግን አሳጥረው፣ ልጄ። ደግመን እንዳናለቅስ።»

የብኸይታና የሁለተኛው ገበሬ ጆንያዎች ተጫኑ። መኪናው ሊነሳ ሲል ብኸይታ ሹፌሩን አስቆመችና የመጨረሻውን ጆንያ በእጇ መታ መታ አደረገችው፤ ፈረስ እንደሚሸኝ ሰው። መኪናው ወደ ባምባሲው መንገድ ታጠፈ። እሷም በእግሯ ወደ ቤቷ አቀናች። ሳህኗን ረስታው ነው ወይ ሆነ ብላ ትታው፣ ኤጀታ ጠረጴዛ ላይ ከላፕቶፑ ጎን ቀርቷል።

ዛሬ የኤጀታ መስመር በቅንፍ፣ በሁለት ጭረትና በአንድ ቁጥር ረዝማለች። ከእሷ በላይ ማሽኑ የማያነበው፣ ሰው ብቻ የሚያነበው የአማርኛ ማስታወሻ አለ፤ የትኛው ረድፍ የማን እንደሆነ፣ ውጤት ከመለጠፉ በፊት አንድ ገበሬ አውጥቶ መልሱ በአንድ መቀነሱን ማየት እንደሚገባ ይናገራል። ማስታወሻው ገጽ ተኩል ነው። ሙርሳል ሲያየው፣ «ይኸው አፉ ጣቱ ላይ ደረሰ» አለ። ቀነኒ ደግሞ ሰምታ፣ «ሳህን ለይቶ ካቀረበ ስም ባይጠራም ምንም አይደል» ብላ ለኦቦ ጅረኛ ጨው የሌለውን ይዛ ሄደች። እንዳለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት ሁሉ ዛሬም ስማቸውን አልጠራችም።

ኤጀታ ሰኞ ጠዋት ቢሮውን ሲከፍት ሳህኑን አየ። አሸዋው እንዳይደርቅ ውኃ ሊረጭበት ጎንበስ ሲል፣ ጠርዙ ላይ ከቀሩት ሦስት ፍሬዎች አንዱ አሸዋውን ሰንጥቆ ነጭ አንገቱን አውጥቷል። ስልኩን አነሣና ደወለ።

«እናቴ፣ እንደምን አደሩ? ጉልበትዎ...»

«ጉልበት ደህና። ምን ሆነ?»

«አርባ ስምንት ሆነ።»

«ማሽን ነው ያለው፣ ዓይን ያንተ ነው?»

«ዓይኔ ነው፣ እናቴ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ብኸይታ። «በል ሁለት ቀርቷል። ውኃ ስጥ።»